ሞተሩን አሳርፈው

ደባርቅ፤ ጥቅምት 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለሰይፈ ሥላሴ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ብዬ እንድጀምር ወጉ ያዘኛል። ደህና መሆኑንስ ደህና ነን። እኔ ግን ተናድጃለሁና ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ነገሬ ልግባ።

ዕቃው ደረሰ ወይ ብለሃል። ደርሷል። የአውቶቡሱ ሹፌር ቢራራ ጣራው ላይ ከዶሮ ቅርጫትና ከስፖንጅ ፍራሽ ጋር አስሮ አመጣውና መናኸሪያው መሀል ቆሞ «ወይዘሮ ዘቢደር፣ ወንድምሽ ከአዲስ አበባ የጠላ ማጥለያ ልኮልሻል!» ብሎ ጮኸብኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ እኔም ሳየው ማጥለያ ነው የመሰለኝ። ክዳን ያለው ወፍራም ጠርሙስ፣ ውስጡ የተደራረበ ብረት፣ ሁለት ሽቦ፣ አንድ ቀጭን የጎማ ቱቦ። መኪና በውሃ የሚያስነዳው ይሄ ነው? እናታችን በሕይወት ብትኖር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትልህ ነበር።

ባሌ ግን አልሳቀም። ገዱን ታውቀዋለህ፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ መሪ የጨበጠ ሰው ስለሆነ ለተማረ ሰው ያለው ክብር ልክ የለውም። ከተማረም ደግሞ አንተ! «የሰይፌ እጅ የሠራው ነው» ብሎ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ወደ መኪናው ወሰደው። ሽቦውን ከባትሪው፣ ቱቦውን ከሞተሩ አየር መሳቢያ ራሱ ገጠመው። ናፍጣ በዚህ ወር የጨመረውን ጭማሪ አንተም ሳትሰማው አትቀርም። እዚህ ሹፌሩ ሁሉ ፊቱ ጠቁሯል፤ በዚህ ጊዜ ማጥለያም ቢሉት የማይገጥም የለም።

አብሮት የመጣውን ወረቀትህን አንብቤለት ገዱ በቃሉ ይዞታል። «ንጹሕ ውሃ ይሞላበት» የሚለውን ለአባታችን ቢደግምላቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ከጸበል የነጻ ውሃ ወዴት አለና ነው?» አሉ፣ መምሬ ማዕረግ። ተነሥተው ሄደው ራሳቸው ከጸበሉ ቀድተው አመጡለት። ስለዚህ መሣሪያህ የሚሠራው በጸበል ነው። ስቀህ ከሆነ ይበቃሃል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወረቀቱ ላይ «በቁልቁለት ሞተሩን አሳርፈው፤ ጋዙ ይጠራቀማል» የሚል አለበት። አሳርፈው ማለት ምን አድርገው ማለት ነው? ገዱ «ገብቶኛል» ይላል። እኔ ደግሞ ገዱ ገባኝ ሲል ነው የምፈራው። ይህ መኪና ገብስና ባቄላ ተጭኖ የሚወርደው ሊማሊሞን ነው፤ የእናንተን አስፋልት እንዳይመስልህ። መንዳት ያስተማሩት ሽማግሌ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ብለውታል። ከባዱን ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩ መኪናውን እያጓራ ይዞት፣ ቀስ ብሎ ነው እስከዛሬ ወርዶ የገባው። እንግዲህ ይህን መልስልኝ።

በስልክ ለምን አትነግሪኝም ብለሃል። ቴሌ ቤት ገብቼ ስጮህ ደባርቅ በሙሉ ይሰማኛል። ወንድሜን የምቆጣው በወረቀት ነው፤ ወረቀት ሁሉን ይችላል።

እኅትህ ዘቢደር


አዲስ አበባ፤ ጥቅምት 28 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለዘቢደር፤

እታለም፣ እንደምን ነሽ? ጋሽ ገዱስ? አባባስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። ለመስቀል ስላልመጣሁ ይቅር በሉኝ። የምሠራበት ጋራዥ ሰው አንሶት ጥዬው መንቀሳቀስ አልቻልኩም።

ደብዳቤሽን ለጓደኞቼ አንብቤላቸው በጸበሉ ሞተን ነበር በሳቅ። አትቆጪ፤ ጸበልም ቢሆን ውሃ ነው። ግን በፌስታል አስሬ የላክሁትን ነጭ ዱቄት ጨምራችሁበታል ወይ? ያለ እሱ ኤሌክትሪኩ በውሃው ውስጥ አይሄድም። ደግሞ መኪናው በውሃ ይነዳል ያለሽ ማነው? መኪናው የሚነዳው በናፍጣ ነው። ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ውሃውን ሲለያየው ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ከአየሩ ጋር ወደ ሞተሩ ይገባና ናፍጣው ሳይነድ በጭስ እንዳይባክን ይረዳዋል። ለወጡ እንደ ቅመም በይው።

እታለም፣ ይህን ነገር የውጭ ሰዎች የጻፉትን ከኢንተርኔት አንብቤ በገዛ እጄ ነው የሠራሁት። ብረቱን የቆረጥኩት እኔ፣ ክዳኑን የበሳሁት እኔ። እስከዛሬ የሰው መኪና ሳጥብና የሰው ሞተር ስፈታ ነው የኖርኩት። የራሴ የምለው ነገር በሕይወቴ ይህ የመጀመሪያዬ ነውና አትሳቂብኝ።

ደስ የሚል ወሬም አለኝ። ለገና ባዛር ቦታ አግኝቻለሁ! ጋሽ ገዱ ናፍጣው እንደቀነሰለት አንድ ወረቀት ላይ አጽፎ ቢፈርምልኝ፣ ፎቶውንም ብትልኪልኝ፣ በትልቁ አሳትሜ እለጥፈዋለሁ። ያ ከመኪናው ፊት እጁን አጣምሮ የተነሣው አለ አይደል? እሱ ይሁንልኝ። «የሊማሊሞው ሹፌር» ሲባል ቆሞ የማያይ ሰው የለም። ናፍጣው እንዴት ነው? ቶሎ ጻፊልኝ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ታናሽሽ ሰይፈ ሥላሴ


ደባርቅ፤ ኅዳር 24 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰይፈ ሥላሴ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። በጾም ክፉ ቃል አልናገርም ብዬ ሰንብቼ ነበር። ግን አልቻልኩም፤ ለነፍስ አባቴ እናዘዛለሁ።

የጸበሉን መልሰሃል። የባዛሩን ነግረኸኛል። ፎቶም ጠይቀሃል። እኔ የጠየቅሁህን ግን እንደ ጭቃ ዘለልከው። አሳርፈው ማለት ምን ማለት ነው ብዬህ ነበር። አሁን ምን ማለት እንደሆነ በዓይኔ አይቼ መጣሁ።

ናፍጣው ቀነሰ ወይ ብለሃል። ቀንሷል። ገዱም መሬት አልበቃውም። መናኸሪያ ቆሞ «የሰይፌ ጋዝ!» ሲል ነው የሚውለው። ያ ከዳባት እህል የሚያመላልሰው የሺዋስ እንኳ፣ በሰው ነገር ሁሉ የሚያሾፈው፣ «ለእኔም አስልክልኝ» ብሎ ቀበቶውን ይዞ ለመነው። እኔም ይህን ሳይ ወንድሜን በከንቱ አማሁት ብዬ ተጸጽቼ ነበር፤ አልዋሽህም።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት ዛሪማ ያለች የገዱ የአክስት ልጅ ልጇን ክርስትና ስላስነሣች አብሬው ወረድኩ። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ስንደርስ አማተበና ማርሹን ነቀለው። ባዶ ማርሽ፣ እነሱ ፎሌ የሚሉት ላይ! ከባድ ማርሽ ማስገባት ሲገባው ጭራሽ ነቀለው። መኪናው ከሞተሩ ተፈትቶ በራሱ ክብደት ይንደረደር ጀመር። ከኋላችን እስከ አፉ ገብስ ተጭኗል። ሰይፌ፣ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ወርጃለሁ፤ ጆሮዬ ከሞተሩ ጩኸት ሌላ ሰምቶ አያውቅም። ያን ቀን ነፋሱን ሰማሁት። ገደሉ ላይ ያሉት ዝንጀሮዎች ሲጯጯሁ ሰማሁ። መኪና ውስጥ ተቀምጬ የዝንጀሮ ድምፅ ሰማሁ!

«ምን እያደረግህ ነው አንተ ሰውዬ?» አልኩት። 

«አሳርፈው ነው የሚለው፤ አሳረፍኩት» አለኝ እየሳቀ። «ጋዙ እየተጠራቀመ ነው እኮ! ዝም ብለሽ ተቀመጭ።»

ፍሬኑን ሲረግጥ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ አፍንጫዬን መታው። መጠምዘዣው ላይ ጮኼ አስቆምኩት። ወርጄ ነጠላዬን አጥብቄ በአቋራጩ፣ ከከብት ነጂዎች ጋር፣ በእግሬ ዛሪማ ገባሁ። ክርስትናው አልቆ ነበር። ገዱ «ሚስቴ ገደል ፈርታ» እያለ ሲያስቅብኝ ዋለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ይኸው እኛን እያሳሳቀን ነው።

አሁን የምነግርህን ልብ ብለህ ስማ። የላክኸው ዱቄት አልተጨመረም። ከጨው ዕቃዬ አጠገብ እንደታሰረ ቁጭ ብሏል። አባታችን «ጸበል ላይ ሶዳ የሚበጠብጥ የምን ክርስቲያን ነው!» ብለው ተቆጡና ገዱም ተወው። አንተ ስትጠይቀኝ ቶሎ ያልመለስኩልህ እንዳታዝን ብዬ ነው። እሱም ይቅር። የዚህ ወር ውርጭ ጠርሙስህን አፈነዳው። ጸበሉ አድሮ በረዶ ሆነና ጠርሙሱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ገዱ «ሰይፌ ሌላ እስኪልክ» ብሎ በጨርቅ ጠምጥሞ አሰረው። ባዶውን ነው! ናፍጣው ግን ያው እንደ ቀነሰ ነው። ገባህ? መሣሪያህ አንዲት አረፋ ጋዝ ሳያወጣ ነው መኪናው ናፍጣ የቆጠበው። የቆጠበው የባሌ ማርሽ መንቀል ነው። ከዳባት ጀምሮ ቁልቁለት ባየ ቁጥር ይነቅልና፣ እየተንደረደረ የሚቀጥለውን ዳገት በነጻ ይጀምረዋል።

ይህን ለገዱ ነገርኩት። «አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ? ጸበሉ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል» አለኝ። የእኔን ቃል አይሰማም። ያንተን ግን ይሰማል። አንዲት መስመር በእጅህ ጻፍለት፦ «ጋሽ ገዱ፣ ማርሽ አትንቀል።» ሌላ ምንም አልለምንህም። ፎቶውን የምታገኘው ያቺ መስመር ስትመጣ ነው።

እኅትህ ዘቢደር


አዲስ አበባ፤ ታኅሣሥ 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለዘቢደር፤

እታለም፣ ደብዳቤሽ አሞኛል። እንደዚህ ትጽፊልኛለሽ ብዬ አላሰብኩም። ቢሆንም ታላቄ ነሽ፤ ብትቆጪኝም ያምርብሻል።

አሳርፈው ማለቴ እግርህን ከነዳጅ መርገጫው ላይ አንሣ ማለቴ ነበር። ሌላ ምን ማለት ይሆናል? ማርሽ ንቀል የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ የለም፤ ደግመሽ አንብቢው። ሰው በራሱ መንገድ ከተረጎመው የእኔ ጥፋት ነው? የሆነ ሆኖ እንዳትጨነቂ፣ ለጋሽ ገዱ ለብቻው ደብዳቤ ጽፌለታለሁ። ቢራራ በእጁ ይሰጠዋል። በዚህ ጉዳይ ልብሽን አሳርፊው።

ስለ ጠርሙሱ መሰንጠቅና ስለ ዱቄቱ ግን ለሌሎቹ ሹፌሮች ባትነግሪብኝ ደስ ይለኛል። የሺዋስና ጓደኞቹ አዘዋል፤ ዕቃቸውን በዚሁ በቢራራ ልኬላቸዋለሁ። አንድ መኪና ላይ ውርጭ ስላበላሸው ነገሩ ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። በደንብ ሲገጠም ይሠራል፤ እኔ አምንበታለሁ። ባዛሩ ደግሞ ደርሷል። አሁን ወሬ ከተበላሸ መቼም አልነሣም።

ፎቶውን በዚህ ሳምንት ብትልኪው ይደርስልኛል። እባክሽ እታለም።

ታናሽሽ ሰይፈ ሥላሴ


ደባርቅ፤ ታኅሣሥ 15 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሰይፈ ሥላሴ፤

ሰላምታ የለኝም።

ለባሌ የጻፍክለትን ደብዳቤ ሰማሁት። ቢራራ መናኸሪያ ላይ ነው የሰጠው፤ ገዱም የሚያፍርበት ነገር የለውምና የሺዋስን «አንብብልን» አለው። ሹፌሩ፣ ወያላው፣ ሻይ ሻጯ ሁሉ ከበው ሰሙ። እኔም ጥግ ቆሜ ሰማሁ። ያቺ መስመር አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች እያልኩ ጠበቅሁ።

«ጋሽ ገዱ፣ አንተን የመሰለ ሹፌር አገራችን የላትም። እስከ ባዛሩ ድረስ የያዝከውን አያያዝ እንዳትቀይር። በርታ!»

ይኸው ነው። የያዝከውን አያያዝ እንዳትቀይር! ለእኔ እግር ማንሣት ማለቴ ነው ትላለህ፣ ለእሱ በርታ ትላለህ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ብዕር፣ በአንድ አውቶቡስ! ከአንድ ማኅፀን ወጥተን አንተ ይህን ከየት ተማርከው? የአባታችን ቤት ሁለት ምላስ አይታወቅም ነበር።

ለእኔ የጻፍከውን ወስጄ አነበብኩለት። «እግርህን አንሣ ማለቴ ነው ይላል፤ እየው የገዛ እጁን ጽሑፍ» አልኩት። ምን አለኝ መሰለህ? «ለአንቺ የጻፈው እንዳትፈሪ ብሎ ነው። ለእኔ ግን ሹፌር ለሹፌር ነው የጻፈልኝ።» አንተ መንጃ ፈቃድ አለህ እንዴ?

ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ብሶበታል። በርታ ተብሏልና በርትቷል። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሲደርስ አሁን ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ማጥፋት ጀምሯል፤ «ይበልጥ ይረፍ» ብሎ። ፍሬኑ የሚጠብቀው ከሞተሩ የሚመጣውን አየር እንደሆነ አንተ ጋራዥ የምትውለው ታጣዋለህ? እነ የሺዋስም ዕቃቸውን ገጥመው ከኋላው ተከትለዋል። አፋፉ ላይ ተሰልፈው ሞተር ሲያጠፉ አየሁ፤ አካባቢው እንደ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ጸጥ ይላል።

ከእንግዲህ በደብዳቤ አልለምንህም። ተነሥተህ ና። ባዛርህን ተወውና ገናን እኛ ዘንድ ዋል። መናኸሪያው መሀል ቁምና በአፍህ ንገራቸው። አንተ ስትናገር ነው የሚያምኑት። ቢራራ እሑድ ይመለሳል፤ ወንበር እንዲይዝልህ ነግሬዋለሁ። እሑድ ካልመጣህ ግን እኅት አለችኝ አትበል።

ፎቶውን አልልክም።

ዘቢደር


አዲስ አበባ፤ ጥር 2 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለዘቢደር፤

እታለም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ቢራራ ነው የነገረኝ። ጋሽ ገዱ! ለቡሄ አብሮኝ ሆያ ሆዬ የጨፈረ፣ ለትምህርት ስወጣ በገዛ መኪናው ጎንደር ድረስ የሸኘኝ ሰው! ነፍሱን በገነት ያኑርልን።

ለቀብር ያልደረስኩት ዜናውን የሰማሁት በገና ማግስት ስለሆነ ነው። አንቺ ና ባልሽኝ እሑድ ለመምጣት ልብሴን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ማርያምን እልሻለሁ። ባዛሩ ሊከፈት የቀረው ጥቂት ቀን ስለነበር፣ ከባዛሩ በኋላ ይደርሳል አልኩ። እንዲህ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? አሁንም ለመምጣት አስቤ ነበር። ግን ሰዎች ስለ መሣሪያው ብዙ እንዳይጠይቁ፣ ነገሩ ትንሽ እስኪበርድ ብቆይ ይሻላል ብለው ጓደኞቼ መከሩኝ።

ይቅርታ አድርጊልኝና ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። ሲወርድ ነው ወይስ ሲወጣ? ጭነት ነበረው? ትራፊኮቹ ሲያነሡት ማርሹ ምን ላይ ነበር? ስለ መሣሪያው የጠየቀ ሰው አለ? ተርፎ ከሆነ አንሥተሽ አስቀምጪልኝ፤ ከሰው እጅ ባይገባ ጥሩ ነው። በክፉ አትይብኝ። አደጋው በመሣሪያው እንዳልሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፤ አንቺው ነሽ ባዶ ነው ያልሽኝ።

የእናትሽ ልጅ መሆኔን አትርሺ።

ሰይፈ ሥላሴ


ደባርቅ፤ ጥር 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰይፈ ሥላሴ፤

እንደምን አለህ አልልህም። ደህና እንደሆንክ ደብዳቤህ ይናገራል።

ጥያቄዎችህን ልመልስ፤ እኔ እንዳንተ አልዘልም። ሲወርድ ነው። ጭነት ነበረው። ገብስ ነበር፤ ገደሉ ውስጥ ዝንጀሮ ሲለቅመው ከረመ። ማርሹ ምን ላይ እንደነበር ያየ ሰው የለም፤ ከመኪናው ምን ተረፈና? ነገር ግን ከመንገዱ በታች ከብት ያግዱ የነበሩ ሰዎች ለቅሶ መጥተው ነግረውኛል። መኪና ሲመጣ አልሰማንም አሉኝ። የሰሙት ጥሩምባ ብቻ ነው። ገዱ ከላይ ጀምሮ ሰው ከመንገድ እንዲሸሽለት ጥሩምባውን ሳይለቅ እየነፋ ነው የወረደው። በዚያ ቀን መንገድ ላይ በነበረ ሰውም በከብትም አንድም ጉዳት አልደረሰም። ባሌ እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ አንተም ታውቀዋለህ።

ስለ መሣሪያህ የጠየቀ የለም። ትራፊኩ «የፍሬን ብልሽት» ብሎ ጽፎ ሄዷል። እፎይ በል።

አይ፣ ጠያቂስ አለ። በሠልስቱ የሺዋስ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለና «እኅቴ፣ ያቺ የሰይፌ ዕቃ ተርፋ ከሆነ ለእኔ መለዋወጫ ትሆነኛለች» አለኝ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ! ተነሥቼ ገባሁና ዱቄቱን ከጨው ዕቃዬ አጠገብ አንሥቼ፣ እንደታሰረ፣ በሹፌሮቹ መሀል ወረወርኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠርሙሱ ባዶ እንደነበር፣ ጋዝ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ የቆጠበውም የገደለውም ያው ማርሽ መንቀሉ እንደሆነ ነገርኳቸው። አንዳንዱ አቀረቀረ። የሺዋስ ግን «አንቺ ሐዘን ላይ ነሽ። ሰይፌ ራሱ ይንገረን» አለ። በማግስቱ አፋፉ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። በሰላም ገብቷል፤ የሚያስፈራኝም በሰላም መግባቱ ነው። ነገም ያጠፋዋል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትለኝ። ለእኔ ጅቡ መጥቶ ሄዷል። ለእነሱ ግን ገና ነው።

ፍትሐቱን የፈቱት አባታችን ራሳቸው ናቸው። ሌሎች ካህናት «ይቀመጡ» ቢሏቸው እምቢ አሉ። የገዱን የክርስትና ስም እየጠሩ «አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ኪዳነ ማርያም» ሲሉ፣ የባርያህን ነፍስ አሳርፍ ሲሉ፣ ያንተ ወረቀት ጆሮዬ ላይ ጮኸ። አሳርፈው። አሳርፈው። ሌላው ሰው ለገዱ ሲያለቅስ እኔ በዚያች ቃል ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ስናለቅስ ሰንብተን ለአባታችን ነገርኳቸው፤ ወረቀቱንም፣ ሁለቱንም ደብዳቤዎችህንም አነበብኩላቸው። «ማሳረፍ የእግዚአብሔር ነው፣ ልጄ። ሰው ሰውን ሲያሳርፍ ስሙ ሌላ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስምህን አላነሡም። ጸበሉን ግን ያነሡታል። «እኔ ነኝ የቀዳሁለት» እያሉ ያዝናሉ። ለእሳቸው እንኳ አልራራህላቸውም።

ለአርባው ና ወይም አትምጣ አልልህም። አንድ ነገር ግን ታደርጋለህ።

ፎቶውን ስትለምነኝ ነበር። ይኸው። ያው የጠየቅኸው ነው፤ ከመኪናው ፊት እጁን አጣምሮ ቆሟል። እንዳልከው በትልቁ አሳትመህ ጋራዥህ በር ላይ ለጥፈው። አንዱን ደግሞ ለደባርቅ መናኸሪያ፣ አንዱን ለዳባት በቢራራ ላክ። «የሊማሊሞው ሹፌር» ልትለው ነበር አይደል? በለው። ከሥሩ ግን በገዛ እጅህ፣ ሹፌሮቹ የሚያውቁትን ጽሑፍህን፣ እንዲህ ብለህ ትጽፋለህ፦ «ሞተሩን አሳርፈው ያልኩት እኔ ነኝ። አሳረፈው።»

እንዳይታጠፍ በካርቶን መሀል አድርጌ ልኬዋለሁ። አሳትመህ ስትጨርስ መልስልኝ፤ ሌላ ፎቶ የለኝም።

የገዱ ሚስት ዘቢደር